«ፖስተር አይበላም» ለሚለው ጽሑፍ የኔ ምላሽ

ሰሞኑን «ፖስተር አይበላም» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል፣ አንዷ ጓደኛዬ «ያንቺን ሥራ ነው እኮ የሚነካው፣ ዝም ልትይ ነው?» ብላ ጭምር። አነበብኩት፣ ሁለት ቀን አሳደርኩት፣ እንደገና አነበብኩት። ሥርዓተ ምግብ ላይ በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ የኮሙኒኬሽንና የለርኒንግ (ፕሮጀክቱ ከሚሠራው ሥራ እንዲማር የማገዝ) ድጋፍ ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም፣ ግን የተነሱት ነገሮች ከባድ ስለሆኑ አንድ በአንድ መልስ ይገባቸዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን በትክክል ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የተራበ ልጅ ብሮሸር አይፈልግም፣ ለኮሙኒኬሽን የሚወጣው ገንዘብ ምግብ ይገዛበት ይላል። ሁለተኛ፣ እናቶች ልጃቸውን እንዴት እንደሚመግቡ ያውቃሉ፣ የጎደላቸው አቅም ነው፣ እነሱን ማስተማር ንቀት ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ኮሙኒኬሽን የሚባለው ለዶነር ፎቶ ማንሳትና ሎጎ መለጠፍ ነው። አራተኛ፣ ለርኒንግ ማለት ማንም የማያነበው ሪፖርትና በየሆቴሉ የሚደረግ ወርክሾፕ ነው፣ ቁጥሩን እንደሆነ የክትትልና ግምገማ ክፍሉ ይሰበስበዋል። አምስተኛ፣ ይሄ ሁሉ ካስፈለገ እንኳን በየመንደሩ ያሉት የጤና ሠራተኞች ይሥሩት፣ ለብቻው ባለሙያ መቅጠር ቅንጦት ነው። መጨረሻ ላይ «ይህችን መስመር ከበጀቱ ሰርዟት» ብሎ ይዘጋል። ጸሐፊው የተናደዱት ከልባቸው ነው፣ የሚናደዱበት ምክንያትም አላቸው፣ እሱን እየካድኩ መልስ መስጠት አልፈልግም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ድርቅ ወይ ጦርነት መጥቶ ሰው እየሞተ ባለበት ሰዓት መጀመሪያ ምግብ፣ መጀመሪያ ሕክምና፣ እዚህ ላይ አንድ ነን፣ ክርክርም የለውም። ግን አብዛኛው የሥርዓተ ምግብ ፕሮጀክት የሚሠራው መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ ለዕድሜው አጥሮ መቅረቱ ላይ ነው፣ ቀስ ብሎ ሳይታይ፣ ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ የሚመጣ ነገር ላይ። በ2022 በተሰላው የዓለም ቁጥር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ከአምስት ዓመት በታች 148 ሚሊዮን ልጆች የቀነጨሩ ነበሩ፣ የሁሉም ቤት ደግሞ ምግብ የጠፋበት ቤት አልነበረም።

«ገንዘቡ ምግብ ይገዛበት» የሚለው ነገር እኮ በደንብ ተሞክሯል። ባንግላዴሽ ውስጥ ከ2012 እስከ 2014 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ኢፍፕሪ የሚባለው የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በሁለት የገጠር አካባቢዎች ድሃ ቤተሰቦችን በዕጣ መደቧቸው፣ ለአንዱ ቡድን ጥሬ ገንዘብ፣ ለአንዱ ምግብ፣ ለአንዱ ግማሽ በግማሽ፣ ከዛ ደግሞ በአንደኛው አካባቢ ገንዘብ ከአመጋገብ ትምህርት ጋር፣ በሌላኛው አካባቢ ምግብ ከትምህርት ጋር የሚሰጣቸው ቡድኖች ነበሩ። የልጆቹ ቁመት ላይ ለውጥ የታየው በአንዱ ቡድን ብቻ ነው፣ ገንዘብና ትምህርት አብሮ በተሰጠበት። ገንዘብ ብቻውን አላመጣውም፣ ምግብ ብቻውን አላመጣውም። ትምህርቱም ወረቀት ማደል አልነበረም፣ በየሳምንቱ በቡድን መገናኘት፣ ቤት ድረስ መሄድ፣ በአካባቢው የሚሰሙ ሰዎችን ማነጋገር ነበረው። በነገራችን ላይ ምግብና ትምህርት የተሰጠው ቡድን ቁመት ላይ ያንን ውጤት አላሳየም፣ ስለዚህ «ትምህርት ካለ በቃ» ብዬ አልከራከርም። የምለው የጸሐፊው ሒሳብ፣ ማለትም ከትምህርቱ ቀንሶ ምግቡ ላይ መደመር፣ ጸሐፊው የሚፈልጉትን ውጤት አያመጣም ነው።

ምግቡ ራሱ ሲታደል እንኳን ያለ ንግግር አይሄድም። በጣም ለከሱ ልጆች የሚሰጠውን፣ ከለውዝ የሚሠራውን ፕላምፒ ነት አስቡት፣ አንዷ ፓኬት 92 ግራም ናት፣ 500 ኪሎ ካሎሪ፣ በልጁ ክብደት ተሰልቶ በቀን ይህን ያህል ተብሎ ለሳምንታት የሚሰጥ። ጣፋጭ ነው፣ ለእናትየው ምግብ ነው የሚመስለው። ቤት ሦስት ሌሎች ልጆች ቆመው እያዩ ለአንዱ ብቻ ቀዶ መስጠት የሚችል አንጀት ያላት እናት ማን ናት? ስለዚህ ታካፍላለች፣ የታመመው ልጅ ክብደቱ አይጨምርም፣ ጤና ጣቢያው «ሕክምናው አልሠራም» ብሎ ይመዘግባል። እዚህ ጋ ያለው ክፍተት መድኃኒት መሆኑን የሚያስረዳት ሰው ነው፣ የቀሩትንም ልጆች ነገር ሰምቶ ምን እንደምታደርግ አብሯት የሚያስብ።

ሁለተኛው ነጥብ የልቤን የነካው ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ጎተራዋ ባዶ የሆነ ሴት ፊት ቆሞ ምግብ አሰባጥሪ ማለት ያሳፍራል፣ እኔም እንደዛ የሚሉ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጬ አፍሬ አውቃለሁ። አቅም ከሌለ ምክር ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ይሄን እቀበላለሁ።

ግን «ያውቃሉ» የሚለው ቃል በጣም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ለምሳሌ ጡት ብቻ ማጥባት የሚባለውን። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም እንኳን አይሰጥም። አንዲት እናት ጠይቁ፣ «ጡት ብቻ ነው የምሰጠው» ትላችኋለች፣ ከልቧ ነው፣ እየዋሸች አይደለም። ከዛ አጠገቧ ስትቀመጡ ለልጁ በማንኪያ ውሃ ትሰጠዋለች። «ውሃ እኮ ምግብ አይደለም» ነው መልሷ፣ ትክክልም ናት፣ እኛ «ሌላ ምግብ አትስጪ» ስላልን ውሃን ከምግብ አልቆጠረችውም። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 እጁ ገደማ ውሃ መሆኑን፣ በሙቀት ጊዜም ለልጁ እንደሚበቃው የነገራት የለም። በብዙ አገር እንደዚህ ያለ ነገር ደጋግሞ ተገኝቷል። ስህተቱ የቃላችን ነው፣ የናትየው አይደለም፣ ቃሉ ደግሞ የሚስተካከለው እሷ ጋ ሄዶ በመስማት ነው፣ የኛ ሥራ ትልቁ ክፍል እሱ ነው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ይሄንኑ መልእክት ለማንበብ ለማይችሉ እናቶች በሥዕል ልናስረዳ ካርድ አዘጋጅተን ነበር። ጡት የምታጠባ እናት፣ ከበላይዋ ስድስት ጨረቃ፣ ስድስት ወር ለማለት። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ወደነዋል፣ ለማተሚያ ቤትም ሊላክ ነበር። ከመታተሙ በፊት ለሙከራ ስድስት ሴቶች ጋ ይዘነው ሄድን፣ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠን ካርዱን ሰጥቼ «ይሄ ምን ይላል?» አልኩ። የመጀመሪያዋ ካርዱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው፣ ከዛ «ማታ ማታ አጥቢ ነው የሚለው» አለች። ሁለተኛዋም እንደዛው። ሦስተኛዋ ቀን ላይ የሚሰጠው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ካርዱ ቢታተም ኖሮ በብዙ ሺህ ቅጂ ልንናገር ከፈለግነው ተቃራኒውን እየተናገረ ይዞር ነበር። እና ለጸሐፊው የምለው ንቀት የት እንዳለ አሁን ይታያል፣ ሳይጠይቁ ማተም ነው ንቀት፣ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጊዜና ሰው ደግሞ ያቺ ትሰረዝ ያሏት የበጀት መስመር ውስጥ ነው ያለው።

«ድህነት ነው እንጂ እውቀት አይደለም» ለሚለው ደግሞ ቬትናምን ማንሳት እፈልጋለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴቭ ዘ ችልድረን ታን ሆዋ በሚባለው ክፍለ አገር ሲገባ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው የጠየቀው፣ በጣም ድሃ ከሆኑት ቤተሰቦች መሀል ልጆቻቸው ያልከሱባቸው አሉ ወይ? ነበሩ። ሄደው ሲያዩ እናቶቹ ከሩዝ ማሳው ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ሽሪምፖችና ሸርጣኖች ለቅመው፣ የስኳር ድንች ቅጠል ጨምረው ልጁ ምግብ ውስጥ ይከታሉ፣ ጎረቤቱ ግን ያንን ለሕፃን አይሆንም ብሎ ይተወዋል። ደግሞም በቀን ሁለቴ ከማብላት ፈንታ ጥቂት በጥቂት ደጋግመው ያበላሉ። ድህነታቸው ያው ነው፣ ማሳውም ያው ነው። እውቀቱ እዛው ድሆቹ እናቶች ጋ ነበር፣ ከከተማ የመጣ ባለሙያ አላመጣውም፣ ሥራው እሱን ፈልጎ ማግኘትና ጎረቤቶች አብረው እያበሰሉ እንዲለምዱት ማድረግ ነበር። ይሄ ኮሙኒኬሽን ነው፣ ለርኒንግም ነው፣ ማንንም አልናቀም።

አንድ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ፈጽሞ አላነሳውም። እኛ ዝም ብንል እናትየዋ ጆሮ ውስጥ ዝምታ አይኖርም። የዱቄት ወተት ኢንዱስትሪ በዓመት 55 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ነው፣ ማስታወቂያውን የሚገድብ ዓለም አቀፍ ደንብ በ1981 ወጥቶ እንኳን እስካሁን በስልክ በሶሻል ሚዲያ እናቶችን እያባበለ ነው። ፕሮጀክቱ የኮሙኒኬሽን ባለሙያውን ቢያሰናብት እነሱ የነሱን አያሰናብቱም።

ሦስተኛው ላይ ብዙ አልከራከርም። አዎ፣ ፎቶው በዝቷል። ቲሸርቱ፣ ካሌንደሩ፣ ባለ ቀለሙ ሳክሰስ ስቶሪ፣ በጀቱን ማን እንደሰጠ ለማሳየት ብቻ የሚሠራው ባነር፣ ሁሉም ነገ ቢቀር አላዝንም። የከሳ ልጅ ፎቶ ያለ ናትየው ፈቃድ፣ ወይ ፈቃድ በሚመስል ነገር ግን እምቢ ማለት እንደምትችል ሳይነገራት መነሳቱ ደግሞ ነውር ነው፣ ጸሐፊው በዚህ ላይ የጻፉት አንቀጽ በየቢሮው ቢነበብ ደስ ይለኛል። ግን ሁለት የተለያየ ሥራ በአንድ ስም ስለሚጠራ አንዱ በሌላው ኃጢአት መሰረዝ የለበትም። አላይቭ ኤንድ ትራይቭ የሚባለው ፕሮግራም ባንግላዴሽ ውስጥ ከ2010 እስከ 2014 የሠራውን እዩ፣ ቤት ለቤት ምክሩን፣ የማኅበረሰብ ንቅናቄውንና የቴሌቪዥን መልእክቱን አጠናክሮ በሠራባቸው አካባቢዎች ጡት ብቻ የሚያጠቡ እናቶች ከ49 በመቶ ገደማ ወደ 88 በመቶ ገደማ ወጡ፣ የተለመደው ምክርና የሳሳ ቅስቀሳ ብቻ በነበረባቸው ደግሞ ከ51 ወደ 54 አካባቢ ብቻ። ይሄ ለውጥ የመጣው ፎቶ በማንሳት አይደለም።

አራተኛው። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ለርኒንግ የሚለው ቃል ራሱ ሰው ሲሰማው ባዶ ይመስላል፣ እኛም በሚገባ አላስረዳነውም። ክትትልና ግምገማ ስንት ሰው እንደሠለጠነ፣ ስንት ልጅ እንደተመዘነ ይነግራችኋል። ለምን አልሠራም የሚለውን ግን ቁጥሩ ብቻውን አይመልስም። የባንግላዴሹን የተቀናጀ የሥርዓተ ምግብ ፕሮጀክት ውሰዱ፣ በ1995 የተጀመረና በዓለም ባንክ የተደገፈ ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ከሕንድ ታሚል ናዱ ነበር፣ እዛ በ1980 የተጀመረ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ጥሩ ውጤት አሳይቶ ስለነበር። እናቶችን ማስተማር፣ ልጆችን መመዘን፣ ተጨማሪ ምግብ መስጠት። ባንግላዴሽ ውስጥ እናቶቹ ተማሩ፣ የእናቶች እውቀት ጨመረ፣ የልጆቹ ሁኔታ ላይ የተጠበቀው ውጤት ግን አልመጣም። በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ብዙ ቦታ ገበያ የሚሄደው ባልየው ነው፣ አብሮ በሚኖር ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ምን ይበስል ለማን ይቅረብ የሚለውን የምትወስነው አማት ናት። ፕሮጀክቱ ያስተማረው መወሰን የማትችለዋን ሴት ነበር። የሠለጠኑ እናቶች ቁጥር ሪፖርት ላይ ያምራል፣ ግን ማንኪያውን የያዘው ሌላ ሰው ነው። እንደዚህ ያለውን ነገር ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ከመስማት በሁለተኛው ወር መስማት ነው የለርኒንግ ድጋፍ ማለት፣ ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደሚያድን እናንተው አስቡት።

ሌላም አለ። ንጽሕና ከተሻሻለ ልጆች ይረዝማሉ የሚል ጠንካራ እምነት ነበር፣ እኔም አምን ነበር፣ ምክንያታዊ ነው፣ ተደጋጋሚ የአንጀት ኢንፌክሽን ያለበት ልጅ የበላው አይሆነውም። ከዛ ባንግላዴሽ፣ ኬንያና ዚምባብዌ ውስጥ የተደረጉ ትልልቅ ሙከራዎች በ2018ና በ2019 ውጤታቸው ሲወጣ፣ ቀለል ያለ መጸዳጃ ቤት፣ እጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ መስጠት ብቻውን ቁመት ላይ ምንም አልጨመረም፣ የተሻለ ነገር ያሳየው የአመጋገብ ምክር ከተጨማሪ ምግብ ጋር የተሰጠው ቡድን ነው፣ እሱም በትንሹ። ማንም ይሄን መስማት አይፈልግም ነበር። ግን ወጣ፣ ሰው ተነጋገረበት፣ ከዛ በኋላ የሚነደፉ ፕሮጀክቶች ላይ «የትኛው ንጽሕና፣ ምን ያህል» የሚል ጥያቄ መጣ። የማይመች ውጤትን ወረቀት ላይ አውጥቶ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ጠረጴዛ ላይ ማድረስ ሥራ ነው፣ ራሱን በራሱ አያደርስም።

ስለ ሪፖርቱ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። 80 ገጽ ጽፎ በኢሜይል መላክ ለርኒንግ አይባልም። ወርክሾፑም እንደዛው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ አይቶ መበተን ማንንም አይለውጥም። የኛ ቡድን ከረጅም ጭቅጭቅ በኋላ አሁን የሚሠራው ሁለት ገጽ ነው፣ ምን አየን፣ ምን ይቀየር፣ ማን ይወስን፣ እስከ መቼ፣ እሱም የሚቀርበው በጀት በሚከለስበት ሳምንት ነው እንጂ ካለፈ በኋላ አይደለም። አሁንም አንዳንዴ እንዘገያለን። ይሄ እንዲስተካከል መጠየቅ ተገቢ ነው፣ እንዲዘጋ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

አምስተኛው አጭር ነው። የጤና ሠራተኞቹ ይሥሩት የሚለው በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው፣ እነሱ ናቸው የሚሠሩትም። እንዲያውም ጸሐፊው ካሉት በላይ መሄድ ይቻላል፣ ኒጀር ውስጥ የከሳ ልጅን ለመለየት ክንዱን በባለ ቀለሟ ቴፕ መለካት ለናቶች ራሳቸው ተሰጥቶ ልኬታቸው ከሠለጠኑት የመንደር ጤና ሠራተኞች የማይተናነስ ሆኖ ተገኝቷል። ቀዩ ከ115 ሚሊሜትር በታች፣ ቢጫው እስከ 125፣ ከዛ በላይ አረንጓዴ፣ አለቀ። ግን ያቺ ቴፕ ቁጥር ማንበብ ለማይችል ሰው እንድትነበብ ተደርጋ ነው የተሠራችው፣ እንዴት እንደምትያዝም ለናቶቹ ቁጭ ብሎ ያሳየ ሰው ነበር። የጤና ሠራተኛዋ ክትባት አላት፣ እርጉዝ አላት፣ ስድስት መዝገብ ትሞላለች፣ ከዛ ሦስት ፕሮጀክት ሦስት የተለያየ ካርድ ያመጣላታል። አንድ ቦታ ላይ አንደኛው ካርድ ተጨማሪ ምግብ «በስድስተኛው ወር» ይጀመር ይላል፣ ሌላኛው «ስድስት ወር ሲሞላው» ይላል። ሲሰማ አንድ ይመስላል፣ ግን ስድስተኛው ወር የሚገባው አምስት ሲሞላ ነው፣ አንድ ወር ልዩነት ነው። ጤና ሠራተኛዋ «የቱን ልበል?» አለችን። እሷን እንዲህ ካለው ነገር ማሳረፍ ነው ድጋፍ የሚባለው፣ ሸክሟን ማቅለል።

የጨረቃውን ካርድ ጉዳይ ሳልጨርስ ነው የመጣሁት። ሴቶቹን «ታዲያ እንዴት እናድርገው?» አልናቸው። አንዷ ልጁ ሲቀመጥ ሣሉት አለች፣ ከኛ ጋር የነበረችው ነርስ ግን በአምስት ወሩም የሚቀመጥ አለ ብላ ፈራች። ከዛ እስከዛ ሰዓት ምንም ያልተናገሩት አንድ ትልቅ ሴት፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ነበር፣ «ቀኑን ጻፉልን» አሉ። የትኛውን ቀን ብንላቸው፣ ልጁ ምግብ የሚጀምርበትን፣ «እኔ ባላነብ ትልቋ የልጅ ልጄ ታነባለች፣ ቀኑ ሲደርስ ትነግረናለች» አሉን። አሁን ካርዱ ላይ ጨረቃ የለም። ከታች ባዶ መስመር አለ፣ ልጁ ሲወለድ ጤና ሠራተኛዋ ስድስት ወር የሚሞላበትን ቀን አስልታ ትሞላበታለች፣ አጠገቡ የኤክስ ምልክት የተደረገበት የውሃ ማንኪያ ሥዕል አለ። የሚቀጥለው ወር ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ላለው ጊዜ የምንሠራውን ካርድ ይዘን እዛው ግቢ እንመለሳለን፣ ጸሐፊው መምጣት ከፈለጉ መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንነሳው።